በሰበረኝ ባጃጅ አንድ ዓመት ከሦስት ወር

እግሬ በተሰበረ ሰሞን ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ሁሉ አንድ አንድ የተቆረጠ እግር ይዞልኝ መጣ። አንዱ የአጎቱን፣ አንዷ የጎረቤቷን፣ ሌላው ደግሞ ስሙን እንኳ የማያውቀውን የኤረር ግመል ነጋዴ እግር። ብርቱካኑን አልጋው ሥር ያስቀምጣሉ፣ "እግዜር ይማርህ" ይላሉ፣ ከዚያ "ልክ እንዳንተው ነበር የጀመረው፤ ኋላ ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት" ብለው ሻያቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ። የእኔ እግር አልተቆረጠም። ይህን የምጽፈውም እግሩን ሰብሮ አልጋ ላይ የዋለ፣ የሰበረውንም ሰው ስም ጠዋት ማታ የሚያኝክ ሰው ካለ እንዲያነበው ነው። ሌላው ቢያነበውም ባያነበውም ግድ የለኝም።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሸኖ ተወልጄ በጎልማሳነቴ ጅጅጋ ገባሁ፤ እዚህ ከኖርኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ሱቄ በረንዳ ላይ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና አለችኝ። በእሷ የከተማውን ሴቶች ድሪዓ፣ ያን ሰፊ ስስ ቀሚሳቸውን፣ ስሰፋ ኖሬአለሁ። ደንበኞቼ "ዳዋርሌ" ይሉኛል፤ በሶማሊኛ ልብስ ሰፊ ማለት ነው። ስሜ ታደሰ መሆኑን የሚያውቁት ባለቤቴ ዘነበችና ቀበሌው ብቻ ናቸው።

አደጋው የደረሰብኝ፣ ሰው ሁሉ በኮሮና ምክንያት ጭንብል በሚያደርግበት ዓመት ነው። ከድሪዓ ቁርጥራጭ ጭንብል እየሰፋሁ ለፋርማሲዎች አስረክብ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ፌስታል ሙሉ ጭንብል ይዤ አስፋልቱን ስሻገር፣ አንድ ባጃጅ ከቆመ ሚኒባስ ኋላ ወጣ። የአህያ ጋሪ አየና መሪውን ጠመዘዘ፤ ከዚያም በጎኑ ቀኝ እግሬ ላይ ወደቀ። ሾፌሩ አብዲ ይባላል፣ የሦስት ልጆች አባት ነው። ከውስጥ ተጎትቶ ሲወጣ መጀመሪያ ያየው የባጃጁን መስታወት ነው። እኔን ያየኝ ከመስታወቱ ቀጥሎ ነው። ሌላውን ሁሉ ብረሳ ይህን አልረሳም።

ሰዎች አንስተው ቅርብ ያለ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት ጉልበቴን ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረገና፣

"ወለምታ ነው አባባ። ቢሰበር ኖሮ ይጮሁ ነበር" አለኝ።

እኔ ሲያመኝ አልጮህም፤ በሆዴ ነው የምሳደበው። ይህን ግን ክሊኒክ ስትገባ የሚጠይቅህ የለም። ራጅ አላዘዘልኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ቅባትና ፋሻ ይዤ ቤቴ ገባሁ። በአራተኛው ቀን ጉልበቴ ሱሪ አላስገባ ሲል ዘነበች ወጌሻ ጠራች። ሰውየው እጁን በዘይት አርሶ "ከቦታው ወጥቷል፣ እመልሰዋለሁ" አለና ተረከበኝ። ያን ጊዜ ጮህኩ። ያ የክሊኒኩ ልጅ በነበረና በሰማኝ።

ሆስፒታል የሄድኩት በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። አግዳሚው ጠባብ ነው፣ እግሬ አይታጠፍም፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይገጨዋል፤ ገጭቶም "ይቅርታ" ይላል። ይቅርታው ከግጭቱ ይብስ ነበር። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት የተቀመጡባትን ዝቅተኛ በርጩማ ከሥራቸው አውጥተው፣ እግሬን በሁለት እጃቸው አንስተው አስቀመጡባት፤ እሳቸው መሬት ተቀመጡ። አንድ ቃል አልተናገሩም። ስለማንም የተቆረጠ እግር አልነገሩኝም። በዚያ ዓመት ከልቤ የመረቅኩት ሰው እሳቸውን ብቻ ነው።

ሐኪሙ ራጁን በመስኮቱ ብርሃን እያየ፣ ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ ያለው አጥንት መሰንጠቁን ነገረኝ። ስንጥቁ ደግሞ ኋላ ላይ ተከፍቷል።

"ማነው ያሸው?" አለኝ።

"ወጌሻ።"

"መጀመሪያውኑ ቢታይ በጀሶ ብቻ ሊድን ይችል ነበር" አለና ራጁን ፖስታው ውስጥ ከተተ።

እንዲህ ያለውን ነገር ለበሽተኛ ምን ሊያደርግለት እንደሚነግሩት አይገባኝም። ብረትና ብሎን ገባልኝ። በወሩ ቁስሉ መግል ያዘ፤ እንደገና ተከፍቶ ታጠበ። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እነዚያ የጠያቂዎቼ የተቆረጡ እግሮች በሙሉ ተሰልፈው ይመጡብኛል። ፈራሁ። ለዘነበች እንኳ አልነገርኳትም፤ ለስፌት መኪናዬ ግን አስብ ነበር። ያለ ቀኝ እግሬ ማን ይረግጣታል?

ሆስፒታል እያለሁ ነው ሽማግሌዎቹ የመጡት። ትራፊክ ፖሊስ ጉዳዩን መዝግቦት ነበር፤ እዚህ ከተማ ግን ሽማግሌ ይቀድማል። አብዲን መሀል አድርገው ሦስት ሆነው ገቡ። ዋናው ሀጂ ኢብራሂም ናቸው፤ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን በሰፋሁት ልብስ የዳሩ ሰው።

"ዳዋርሌ" አሉኝ፣ "ይህ ሰው ባጃጁ እንኳ የራሱ አይደለም፣ ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ ያደርጋል። ሊሰጥህ የሚችለው ጉልበቱን ነው። ሐኪም ቤት ብትል፣ ሱቅ ብትል፣ ቤተ ክርስቲያን ብትል እሱ ይወስድሃል፣ እሱ ይመልስሃል። ከቤትህ ተነስተህ በራስህ እግር ሱቅህ እስክትደርስና መኪናህ ላይ እስክትቀመጥ ድረስ። ሄራችን ይህ ነው።"

ሄር የሚሉት ደንባቸውን ነው።

"በምን ይወስደኛል?" አልኩ።

"በባጃጁ ነዋ።"

"በዚያው በሰበረኝ?"

"ሌላ የለውማ" አሉ ሀጂ።

እምቢ ልል አፌን ስከፍት ዘነበች ጎኔን ጎሸም አደረገችኝ። ልክ ናት፤ የምንበላው የእነዚሁ ሰዎች ሚስቶችና ልጆች ከሚያሰፉት ነው። እሺ አልኩ። አብዲ እጁን ዘረጋልኝ፣ ጨበጥኩት። እጁ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር።

እንግዲህ አስቡት። እግሬን ዘርግቼ የኋላ መቀመጫው ላይ በሰያፍ እቀመጣለሁ። ከፊት ለፊቴ ያ የተሰነጠቀ መስታወት በፕላስተር ተለጥፎ አለ። አብዲ ስልኩን ትከሻውና ጆሮው መሀል ወትፎ ይነዳል። ጉድጓድ ሲመጣ ፍሬን አይዝም፤ "አዴር፣ ያዝ!" ይላል ብቻ። አዴር አጎቴ ማለት ነው፣ የአክብሮት ነው። ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ይመስለኛል።

"የምይዘውን ሰብረኸዋል" እለዋለሁ።

"ዋላሂ፣ ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ አይደለሁም።"

"እግሬንስ?"

ዝም ይላል። ይህን ዝምታውን እወደው ነበር። በቀን አንዴ ካላገኘሁት ምሳ አይበላልኝም።

ሌላም ነገር አደርግ ነበር። ጅጅጋ ለባጃጅ ሾፌር ዋናው ሰዓት ጫት የሚገባበት ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ ይጣደፋል፣ አንድ ባጃጅ ለሦስት ሰው ይለመናል። እኔ ሱቅ ውሰደኝ የምለው ልክ ያኔ ነው። ሱቅ ደርሼ የምሠራው ቁልፍ መትከልና ጠርዝ መጠምዘዝ ነበር፤ ለዚያ ጠዋት መሄድ እችል ነበር። አብዲ እጃቸውን ያወጡለትን ሰዎች እያለፈ፣ ጥርሱን እየነከሰ ያደርሰኛል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ የሚያልፋቸውን እቆጥራለሁ።

በሰባተኛው ወር አጥንቱ ገጠመ። የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም እግር የምታሠራው ባለሙያ፣ ፈርሂያ የምትባል ቀጭን ሴት ናት። ራጁን አሳየችኝና፣

"ከዛሬ ጀምሮ እግርዎን ይርገጡበት። መጀመሪያ በሁለት ክራንች፣ ከዚያ በአንድ፣ ከዚያ በባዶ እጅ። ጉልበቱን በየቀኑ እጥፍ ዘርጋ ያድርጉ። ካላሠሩት ይደርቃል" አለችኝ።

አሁን ማንም ሳይጠይቀኝ የምናገረው ነገር ላይ ደረስኩ። ቤት ውስጥ ሞከርኩ። በሳምንቱ ግድግዳ ይዤ ከአልጋዬ ሽንት ቤት ደረስኩ። በሦስተኛው ሳምንት ግድግዳውን ተውኩት። ያመኛል፤ ግን እሄዳለሁ። ታዲያ የአብዲ ጥሩምባ ውጭ ሲጮህ እመለስና አልጋዬ ላይ እቀመጣለሁ። ሁለቱን ክራንች አነሳለሁ፣ ፊቴን አጨማድዳለሁ። ይገባል፣ በብብቴ ይዞ ያነሳኛል፣ የተሸከመኝ ያህል አድርጎ ባጃጁ ውስጥ ያስገባኛል። ሀጂ ያሉት ቀን፣ በራሴ እግር ሱቄ የምደርስበት ቀን እንዲመጣ አልፈለግኩም። መስታወቱን ቀድሞ ያየ ሰው በሰባት ወር እንዴት ይለቀቃል?

አራት ወር እንዲህ አደረግኩ። አራት ወር ሙሉ። ቀን ቀን ለአብዲ ስል አልረግጥም፤ ማታ ደግሞ ቤት ውስጥ ወዲህ ወዲያ ብልም ደክሞኛል ብዬ ጉልበቴን እጥፍ ዘርጋ አላደርግም። ዘነበች ታየኛለች። አንድ ቀን ከቦቴ የተቀዳ ውሃ በሁለት ባልዲ ይዛ ገባች፣ ባልዲዎቹን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ቆመች።

"አንተ እሱን ትቀጣለህ" አለችኝ፣ "ባልዲውን የምሸከመው እኔ ነኝ። ሱቁን የምከፍተው እኔ ነኝ። በአንተ ቦታ ለቀጠርነው ሰፊ ልክ የምወስደው እኔ ነኝ። አብዲ ምን ጎደለበት?"

"የጫቱ ሰዓት" አልኳት።

ባልዲዎቿን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ሦስት ቀን አላናገረችኝም፤ እኔም አላናገርኳትም። እልኸኛ ነኝ፤ ሚስቴም ከእኔ ጋር ኖራ ተምራዋለች።

ፈርሂያ በየወሩ ጭኔን ትለካ ነበር። ያልሠራ እግር ይከሳል፤ ስለዚህ ሁለቱ ጭኖች ምን ያህል እንደሚለያዩ ታያለች። ሜትሩን "እኔ ልያዝልሽ፣ ሥራዬ ነው" እላታለሁ። ሥራዬም ነው። ልብስ ሰፊ ሜትር ሲያላላ ማንም አያይበትም፤ ጣትህን ከሜትሩ ሥር ታስገባለህ፣ አለቀ። በቀኙ ላይ ጣቴን እያስገባሁ፣ ግራውን እያጠበቅኩ፣ የተቀራረቡ እንዲመስሉ አድርጌ እለካላት ነበር። በአራተኛው ወር ግን ጠረጠረችና ሜትሩን ከእጄ ወሰደችው። ራሷ ለካች። ደግማ ለካች። ከዚያ ጉልበቴን ያዘችና ለማጠፍ ሞከረች። ትንሽ ታጠፈና ግትር ብሎ ቆመ።

"ይህ እግር የታመመ እግር አይደለም፤ ሥራ የፈታ እግር ነው" አለች። አብዲ አልጋው አጠገብ ክራንቼን ይዞ ቆሟል። ወደ እሱ ዞረች፤ "እሳቸው ቤት ውስጥ አይሄዱም እንዴ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ከአልጋው እስከ ባጃጁ እግሩ እኔ ነኝ።"

ይህን ብሎ ጫማዬን ሊያለብሰኝ ጎንበስ አለ። ከሆስፒታል ስወጣ የተገዛልኝ ቆዳ ነጠላ ጫማ ነው፣ ቤትም ውጭም የማደርገው። ግራውን አለበሰኝ። ቀኙን አነሳና ገልብጦ ሶሉን አየው። ግራውን መልሶ አወለቀና አጠገቡ አደረገው። ሁለቱም እኩል አልቀዋል። ተረከዙ ጋ ሁለቱም አንድ ዓይነት ተበልተዋል። አንገቱን ቀና አድርጎ አየኝ። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የአጥንት ሥዕል ማየት ጀመርኩ።

ጫማዎቹን አለበሰኝ። ባጃጁ ውስጥ አስገብቶኝ፣ ከሆስፒታሉ ግቢ ወጥቶ፣ መንገድ ዳር ሞተሩን አጠፋ።

"ስንት ጊዜ ነው?" አለኝ።

"ምኑ?"

"መሄድ ከጀመርክ፣ አዴር!"

"አራት ወር።"

በሶማሊኛ ብዙ ተናገረ። ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹ ባይገባኝ ይሻለኛል። የገባኝ ይህ ነው፦ ሚስቴ እርጉዝ ናት፣ የባጃጁ ባለቤት ገቢ ጎደለብኝ ብሎ ሊቀማኝ ነው፣ የሰፈር ሰው ደግሞ "ዳዋርሌን ያሰናከለው" ይለኛል አለ። እኔም ዝም አላልኩም፤ የመስታወቱን ነገር አነሳሁበት። "መጀመሪያ መስታወቱን ነው ያየኸው!" ብዬ ጮህኩ። ሲያመኝ የማልጮኸው ሰውዬ ያን ቀን ለመንገደኛው ሁሉ ጮህኩ።

"አዎ አየሁ!" አለ አብዲ። "የእኔ አልነበረማ! የራሴ ያልሆነ ነገር ሰብሬ ፈራሁ።"

ሁለታችንም ደከመን። ቆይቶ ሞተሩን አስነሳ።

"ሀጂ ኢብራሂም ጋ እንሂድ?" አለኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ከተማ ሜትሬን የጠረጠረ ሰው የለም። ይህ ከተሰማ ነገ ማን ልክ ያስወስደኛል?

"አንሂድ" አልኩ።

"እንግዲያው ከነገ ጀምሮ እኔ የምልህን ታደርጋለህ።"

በማግስቱ ወደ ሱቅ ሲወስደኝ አሥር ሜትር ሲቀረው ቆመ። "ውረድ" አለኝ። አንድ ክራንች ብቻ ሰጥቶኝ ሌላውን አስቀረ። ወረድኩ፤ ዘሩን ከነ ባጃጁ እየረገምኩ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ፋርማሲው ጋ አወረደኝ። በሳምንቱ መስጊዱ ማዕዘን ጋ። ቆሜ ስተነፍስ ከኋላዬ ጥሩምባውን ይነፋብኛል፤ "ሂድ፣ አዴር፣ ሀጂ ቤታቸው ናቸው!" ይለኛል። አዘነልኝ ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ሊገላገለኝ ነው። እኔም የምሄደው ድኜ አይደለም፤ እሱ ሲያወርደኝ ፊቱ ላይ የማየውን ነገር ላለማየት ነው። ጉልበቴ ያብጥ ነበር፣ ማታ ዘነበች ሞቅ ባለ ውሃ ትይዝልኛለች። ያን ሰሞን እንደ ወትሮው መጫወት ጀምረን ነበር። የፈርሂያን ትእዛዝም ያኔ ነው የያዝኩት፦ ጠዋት ሃያ፣ ማታ ሃያ፣ እጥፍ ዘርጋ። እንባዬ እየመጣ፣ እየተሳደብኩ።

ሦስት ወር ወሰደ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ከቤቴ በር ያለ ክራንች ወጣሁ። ለአብዲ አንድ ቀን ቀደም ብዬ ነግሬው ነበር፤ እሱ ደግሞ ለሀጂ ነገራቸው። በጫት መደቦቹ፣ በመስጊዱ፣ በፋርማሲው በኩል ሄድኩ። አብዲ በመጀመሪያ ማርሽ ከኋላዬ ይከተለኛል፤ ሰው እጁን ሲያወጣለት አይቆምም። ሁለት ጊዜ ግንብ ይዤ ቆምኩ፤ ሁለት ጊዜም አልነፋብኝም። ሱቄ ስደርስ ሀጂ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ።

"በቃ?" አለ አብዲ ከባጃጁ ሳይወርድ።

"በቃ" አልኩ።

ሀጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። አብዲ ቻው እንኳ ሳይለኝ ባጃጁን አዞረና ሄደ።

ከዚያ በኋላ ቀኝ እግሬን የመኪናዋ ፔዳል ላይ ላስቀምጥ ሞከርኩ። አልታጠፈም። ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ፣ ወደ ፊት ሳብኩ። እምቢ አለ። በሳምንቱ ፈርሂያ አየችውና አሁን ካለበት ብዙም እንደማይለወጥ ነገረችኝ። "እነዚያን አራት ወራት ብንሠራበት ኖሮ..." አለችና አልጨረሰችውም። ከሐኪሙ እሷ ትሻላለች። አሁን ከወንበሬ እግሮች ሥር ጡብ አስገብቼ፣ ቀኜን ዘርግቼ፣ በግራ እግሬ ነው የምረግጠው። ሥራው ይዘገያል፣ ግን ይሠራል።

አብዲ የሜትሩንም የጫማውንም ነገር ለማንም አልተናገረም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ መንገድ ላይ ስንገናኝም ሰላም አንባባልም። ሰዉ ግን የተዘረጋ እግሬን ባየ ቁጥር አብዲን ይረግመዋል። እኔም መርፌዬ ላይ አቀርቅሬ እሰማ ነበር። ለብዙ ጊዜ አንገቴን ቀና አላደረግኩም።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ሴት፣ ልጅ አዝላ፣ የድሪዓ ጨርቅ ይዛ መጣች። በረንዳው ላይ አራት አምስት ደንበኞች ተቀምጠው ነበር። ልክ ልወስድላት ስነሳ እግሬን አየችው፤ ሜትሩን ትከሻዋ ላይ ላደርግ ስል አስቆመችኝ።

"አዴር፣ ሆዳን እባላለሁ፣ የአብዲ ሚስት ነኝ" አለች። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት ነበር፣ ሁሉም ግን ዞረ። "ሰው ለልጆቼ አባታችሁ ሰው አሰናክሏል ይላቸዋል። እውነት እሱ ነው እንዲህ ያደረገህ?"

ሀጂ ኢብራሂም ልብስ የሚያሰፉላቸው ሁለት የልጅ ልጆቻቸውም ከደንበኞቹ መሀል ነበሩ። እጄ ላይ ያለውን ሜትር አየሁት።

"አጥንቱን የሰበረው እሱ ነው። አጥንቱ ድኗል" አልኳት። "ጉልበቴን ያደረቅኩት እኔ ነኝ። መሄድ እየቻልኩ አራት ወር ሙሉ ባልሽን ለመቅጣት ስል ራሴን አሸከምኩት። ሲጠይቁሽ ዳዋርሌ ራሱ ነገረኝ በያቸው።"

ሆዳን የታዘለውን ልጅ ወደ ላይ ገፋ አደረገችው።

"መቼ ይደርሳል ልብሱ?" አለችኝ።

"ሐሙስ" አልኳት፤ የትከሻዋን ልክም ሜትሩን ጥብቅ አድርጌ ወሰድኩ።